የሪያልቶ የዓሣ ገበያ ሰኞ ዝግ ነው

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ቬኒስ ጉዞ ያወጣችሁት ጽሑፍ የሪያልቶን የዓሣ ገበያ «የመካከለኛው ዘመን ሕንፃ» ይለዋል፤ አንባቢውም ሰኞ ጠዋት ሄዶ እንዲያየው ይመክራል። ሁለቱም ይታረሙ። በሪያልቶ መገበያየት የቆየው ከ900 ዓመት በላይ ነው፤ ዛሬ ዓሣ የሚሸጥበት ባለ ቅስት አዳራሽ ግን የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። ሠዓሊው ቼዛሬ ላውሬንቲና አርክቴክቱ ዶሜኒኮ ሩፖሎ ሆን ብለው የመካከለኛውን ዘመን የጎቲክ አሠራር ስለተከተሉ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሰኞ ደግሞ ዝግ ነው፤ እሑድ ጀልባ ለዓሣ አይወጣም። ገበያው ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ በጠዋት ይቆማል፤ እኩለ ቀን ሲቃረብ ጠረጴዛው መታጠብ ይጀምራል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ጽሑፉ በገበያው ያለውን የእብነ በረድ ጽላት ዘሎ ማለፉ ነው። በላዩ ላይ ለሽያጭ የሚፈቀደው ትንሹ የዓሣ ርዝመት በየስሙ ተቀርጿል፦ ሳርዲን 7 ሴንቲ ሜትር፣ እባብ መሰሉ አንጉይላ 25፣ ዛጎል ለባሹ ኦይስተር 5። ጫጩቱ ሳይራባ እንዳይጠመድ ነው። ቁጥሮቹ ግን ዛሬ አይሠሩም፤ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በሜዲትራኒያን ለሳርዲን 11 ሴንቲ ሜትር ይጠይቃል።

ጣሊያን ለሚኖሩ አንባቢዎቻችሁ ዓሣ እንዴት ተመርጦ እንደሚገዛ ቢጻፍ ይጠቅም ነበር። የዋጋ ወረቀቱ ላይ «ፔስካቶ» ካለ ከባሕር የተጠመደ፣ «አሌቫቶ» ካለ የእርባታ፣ «ዴኮንጄላቶ» ካለ በረዶው የሟሟለት ነው። 37.2.1 የሚለው ዓሣው የተጠመደበት አካባቢ ቁጥር ሲሆን፣ የአድሪያቲክ ባሕር ነው። ዓይኑ ጎላ ብሎ የጠራ፣ የጭንቅላቱ ጎን ክዳን ሲገለጥ ውስጡ ደማቅ ቀይ፣ በጣት ሲጫኑት ቶሎ የሚመለስ ይመረጥ። በረዶውንም እዩት። የሟሟው ውኃ ወደ ታች መውረድ አለበት፤ ዓሣው በውኃው ውስጥ ተዘፍዝፎ ከዋለ ሥጋው ይላላል፣ ጣዕሙም ይሄዳል። «ሞኤኬ» የሚባለው ቅርፊቱን የጣለ ለስላሳ ሸርጣን የሚገኘው በጸደይና በመኸር ብቻ ነው፤ የማይንቀሳቀሰውን አትግዙ።

ገበያውን የጎዳው የገዢ እጥረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ወደ 175,000 የሚጠጋ ሕዝብ የነበረው አሮጌው የቬኒስ ከተማ ዛሬ ከ50,000 በታች ነዋሪ ነው ያለው። ጎብኚው ፎቶ አንሥቶ ያልፋል፤ ነጋዴው ግን በረዶውን በየቀኑ ይገዛል። ስለዚህ ወጥ ቤት ያለው ማረፊያ የተከራየ ሰው ጥቂትም ቢሆን ይግዛ። «ፑሊቶ» (የጸዳ) ብሎ ከጠየቀ ሻጮቹ እዚያው ሆዱን ከፍተው፣ ቅርፊቱን ፍቀው ይሰጡታል።