የስሙ ቦታ ባዶ የሆነው ደረሰኝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። የአንድ እድር ገንዘብ ያዥ ስሆን ዘንድሮ 14ኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ደረሰኝ ነው።

ነገሩ የሆነው በ2013ቱ ምርጫ ቅስቀሳ ሰሞን ነው። አንድ ወጣት ከአንድ ፓርቲ ነው የመጣሁት ብሎ የእድሩን ድንኳንና 120 ወንበር ለሁለት ቀን ተከራየ። ዋጋ እንኳ አልተከራከረም። ደረሰኝ ልቆርጥለት እስክሪብቶ ሳነሳ «ተወው ጋሼ፣ ደረሰኝ አያስፈልገንም» አለኝ። እኔ ደግሞ ያለ ደረሰኝ አምስት ሳንቲም አልቀበልም። «በማን ስም ልቁረጠው?» አልኩት። ዝም አለ። ገንዘቡ የፓርቲው እንዳልሆነ፣ የከፈለው አንድ ነጋዴ እንደሆነ ቀደም ሲል በጨዋታ መሀል ነግሮኛል። «የሰውየውን ስም ልጻፋ» ስለው ደነገጠ። «እሱማ ስሙ እንዲነሳ አይፈልግም» አለ።

የደረሰኙ ቀሪ ዛሬም ጥራዙ ላይ አለ። ቀኑ ተጽፏል፣ ብሩ ተጽፏል፣ የስሙ መስመር ባዶ ነው። ያን ቀን ድንኳኑን አልሰጥም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የምርጫ አዋጃችን፣ ቁጥር 1162/2011፣ ፓርቲዎች ሒሳባቸውን በኦዲተር አስመርምረው ለብሔራዊ ምርጫ ቦርድ እንዲያቀርቡ ያዛል። ሰጪው ካልታወቀ ሰው ስጦታ መቀበልንም ይከለክላል። ሕጉ ጥሩ ነው። ግን ይህ ፓርቲ ሪፖርቱን ይህን ያህል ቀን አዘገየ፣ ይህን ያህል ብር ተቀጣ የሚል ማስታወቂያ ከተማችን ውስጥ ተለጥፎ አይቼ አላውቅም። ያ ነጋዴ ስሙን ሲደብቅ ማንን ይፈራል? ያስ ልጅ ደረሰኝ ተወው ሲለኝ ምን ያሰጋዋል?

ስለ ቅጣት ከእድር የተማርኩትን ልንገራችሁ። ድሮ ከቀብር የቀረ አባል 20 ብር ነበር የሚቀጣው። አንድ ባለ ሆቴል አባላችን ጥር ላይ መጥቶ የዓመቱን ቅጣት በአንዴ ልክፈል አለኝ። ሌላው በፀሐይ ድንኳን ሲተክል እሱ ሥራው ላይ ሊውል ነው። ጉባኤው ተቆጣ። ደንቡ ተለወጠ። ቅጣቱ በተደጋገመ ቁጥር እንዲያድግ፣ በሦስተኛው ደግሞ ስሙ በጉባኤ ፊት እንዲነበብ ተወሰነ። ሰውየው ከዚያ ወዲህ ከቀብር ቀርቶ አያውቅም። የፈራው ብሩን አይደለም፣ ስሙ መነበቡን ነው።

በእንግሊዝም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። ሀገሪቱ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ ብሎ የቀሰቀሰው ዋናው ቡድን ከተፈቀደለት ወጪ በላይ ማውጣቱን ጨምሮ በበርካታ ጥፋቶች በድምሩ 61,000 ፓውንድ ተቀጣ። ለዚያ ቡድን የተፈቀደው ወጪ 7 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ከዚያ አንፃር 61,000 ምን አላት? ሕዝቡ ድምፅ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2016፣ ቅጣቱ የተወሰነው በ2018 ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ደስ ያለኝ የአሜሪካኖቹ አሠራር ነው። የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽናቸው በሕጉ መሠረት የ6 አባላት መቀመጫ አለው። ውሳኔ ለማሳለፍ የ4ቱ ድምፅ ያስፈልጋል። ድሮ የዘገየ ሪፖርት ሁሉ በዚያው እንደ ሌላው ክስ ረጅም መንገድ ይሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ግን አስቀድሞ የታወቀ የቅጣት ሠንጠረዥ ሥራ ላይ ዋለ። በሪፖርቱ ውስጥ ያለው ገንዘብ ስንት ነው? ስንት ቀን ዘገየ? ከዚህ በፊትስ ስንት ጊዜ ጥሷል? በእነዚህ ይሰላል። ከምርጫው በፊት የሚቀርበው ሪፖርት ድምፅ መስጫው 4 ቀን እስኪቀረው ካልገባ እንዳልቀረበ ይቆጠራል። ቅጣቱም ይከብዳል። ያላቀረቡትን ስም ኮሚሽኑ ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ያወጣል። ሪፖርቱን የሚፈርመው ደግሞ ገንዘብ ያዡ ነው። ይህን ሳነብ እዚያ ማዶ ያለ የሙያ ጓደኛዬን ያገኘሁ መሰለኝ።

ለእኛም የሚያስፈልገን እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ነው። ልመናና ይቅርታ የማያስፈልገው፣ ከቅስቀሳው በፊት ሁሉም የሚያውቀው። ቅጣቱ በገንዘቡ ልክ ይሁን። በመቶ ሺህ ብር የሚንቀሳቀስ ትንሽ ፓርቲና በብዙ ሚሊዮን የሚንቀሳቀስ ትልቅ ፓርቲ እኩል ቢቀጡ ትንሹ ይሞታል፣ ትልቁ አይሰማውም። በነፃ የተሰጠ መኪና፣ ሞንታርቦ፣ አዳራሽ ሁሉ በገንዘብ ተተምኖ ይመዝገብ። የእኔ ድንኳንም አንድ ቦታ በአንድ ሰው ስም መግባት ነበረበት። ቅጣቱን የሚከፍሉት ደግሞ ሪፖርቱን ያዘገዩት ኃላፊዎች ከኪሳቸው ቢሆን እመርጣለሁ። 10 ብር ያዋጣች ጉልት ሻጭ ስለ እነሱ ስንፍና ለምን ትቀጣ?

ጎጃም ውስጥ ዛሬ ስለ ምርጫ ሒሳብ ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እኔም ከሁሉ በፊት የምለምነው ሰላም ነው። ግን ምርጫ እንደገና ሲመጣ ያው ልጅ ያንኑ ድንኳን ሊከራይ ይመጣል። ያኔ ተዘጋጅቼ ልጠብቀው እፈልጋለሁ።

እናንተንም አንድ ነገር ልለምን። በሚቀጥለው ምርጫ ሪፖርት ያቀረቡትንና ያላቀረቡትን ፓርቲዎች ዝርዝር ከቦርዱ ጠይቃችሁ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት አትሙልን። እኛ ዘንድ የመዋጮ ስም ዝርዝር የሚለጠፍበት ሰሌዳ በእድሩ ቤት በር ላይ አለ። ጋዜጣውን እዚያው እለጥፈዋለሁ።

የእድር ገንዘብ ያዥ፣ ከፍኖተ ሰላም