የሳይንስ ክበብ፦ አንድ የሞለኪውል ቤተሰብ ስንከተል የከረምንበት ዓመት

ዘንድሮ የሳይንስ ክበባችን የትሪፕታሚኖችን ታሪክ ሲከታተል ከረመ፤ ትሪፕታሚኖች ሴሮቶኒንና ዲኤምቲ የሚገኙበት የሞለኪውል ቤተሰብ ናቸው። ነገሩ የመጣው ከባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ነው። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሴሮቶኒንንና የዲኤምቲን ሥዕል ጎን ለጎን ይዛ መጣች። “አንዱ ጭንቅላታችን ውስጥ ያለ ነው፤ ሌላው የሌለ ነገር የሚያሳይ ዕፅ ነው። ለምን እንዲህ ተመሳሰሉ?” አለችኝ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ በዝምታ መታለፍ የለበትም። ከወላጆች ጋር ተመካክረን ታሪኩን ለማጥናት ተስማማን።

ልጆቹ መጀመሪያ የቤተሰቡን መነሻ ሞለኪውል፣ ትሪፕታሚንን፣ በሽቦና በጭቃ ሠሩት። ባለ ስድስት ጎን ቀለበት፣ እሱ ላይ የተጣበቀ ባለ አምስት ጎን፣ ከዚያ አጭር ጅራት፣ ጫፉ ላይ ናይትሮጅን። የናይትሮጅኑን ሁለት ሃይድሮጅኖች በሜቲል (አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን) ሲተኩ ዲኤምቲ ሆነ።

ዲኤምቲን እ.ኤ.አ. በ1931 መጀመሪያ የሠራው ካናዳዊው ኬሚስት ሪቻርድ ማንስኬ ነው። እሱ የሚያጠናው የአንድ ቁጥቋጦ ኬሚካሎችን ነበር። አእምሮ ላይ ምን እንደሚያደርግ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም፤ ነገሩ 25 ዓመት ያህል እንዲሁ ተቀመጠ። ሴሮቶኒን እንኳ ከደም ተለይቶ የወጣው በ1948 ነው። በ1953 ተመራማሪዋ ቤቲ ትዋሮግ ከኧርቪን ፔጅ ጋር ሆና አንጎል ውስጥ አገኘችው። የክበቡ ሴት ልጆች የእሷን ታሪክ በጣም ወደዱት፤ የግድግዳ መጽሔታችን ላይም ትልቁን ቦታ ሰጧት።

የዓመቱ ትልቁ ክርክር የተነሳው በሃንጋሪያዊው ሐኪምና ኬሚስት ስቴፈን ሳራ ነው። ቡዳፔስት ሆኖ ኤልኤስዲ የተባለውን የሌለ ነገር የሚያሳይ ሌላ ዕፅ እንዲልክለት የስዊዘርላንዱን የመድኃኒት ኩባንያ ሳንዶዝን ጠየቀ። ከብረት መጋረጃው ወዲያ፣ በኮሚኒስቶቹ ወገን ስላለ ተከለከለ። ስለዚህ ፊቱን ወደ ዲኤምቲ አዞረ። በ1956 ራሱ ላይ ሞከረው። ሲውጠው ምንም አላደረገውም፤ በመርፌ ሲወስደው ግን ሠራ። ምክንያቱ ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ የሚባለው ኤንዛይም ነው። አንጀትና ጉበት ውስጥ እንደ በር ዘበኛ ቆሞ ዲኤምቲን ገና ሳያልፍ ይሰባብረዋል።

“በገዛ ገላው ነው፣ ምን አገባን?” ያሉ ነበሩ። አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ተነስቶ፣ “ቢሞትስ ማን ይጠየቃል?” ሲል ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም ከልጁ ጋር ነኝ። በዚያ ዘመን በራስ ላይ መሞከር የተለመደ ነበር፤ ዛሬ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳይፈቅድ የሰው ሙከራ አይጀመርም፤ ደግሞም ትክክል ነው።

በ1958 ኬሚስቱ አልበርት ሆፍማን የዚሁ ቤተሰብ አባል የሆነውንና እንደ ዲኤምቲ የሌለ ነገር የሚያሳየውን ሲሎሳይቢንን ከሜክሲኮ እንጉዳይ ለይቶ አወጣ፤ በላቦራቶሪም ሠራው። ይህ የሆነው ሳራን በከለከለው በዚያው በሳንዶዝ ነው። በ1971 የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ዲኤምቲንና ሲሎሳይቢንን ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዕፆች ተርታ አስገባቸው።

ልጆቹ አሁን ያንን ዲኤምቲን የሚሰባብር ኤንዛይም አልለቅ ብለዋል። ለሳንባ ነቀርሳ የተሠራው ኢፕሮናያዚድ ይህንኑ ኤንዛይም ያግዳል፤ የሕሙማኑ መንፈስ ሲነቃቃ ታይቶም በኋላ የድብርት መድኃኒት ሆኖ ነበር። የመጪው ዓመት ሥራችን እሱ ነው። መመዝገብ የምትፈልጉ መስከረም ላይ ላቦራቶሪ ብቅ በሉ።