የሺህ ፓውንዱ ሰውዬ

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? እማማስ ጤናቸው እንዴት ነው? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። እንዲህም ተጠፋፍተን እንከርም! ማን ቀድሞ ዝም አለ ብለን ሽማግሌ አንቀመጥም፤ ቀጥታ ወደ ኳሳችን ልግባ።

የዝውውር ወሬ በደራ ቁጥር አንተ ነህ ትዝ የምትለኝ። «ለአንድ ሰው ይሄ ሁሉ ብር!» እያልክ ስትንጨረጨር። ይኸው ሰሞኑን የዚህ ሁሉ ጣጣ አባት የሆነውን ሰውዬ ታሪክ ሳነብ ከረምኩ። አልፍ ኮመን ይባላል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርህ።)

በ1880 እንግሊዝ አገር፣ ሰንደርላንድ ከተማ ተወለደ። ደንዳና አጥቂ ነው፤ ሳቅና ጨዋታም ይወዳል። ከሸፊልድ ዩናይትድ ጋር የ1902ን የኤፍ ኤ ዋንጫ በላ። በ1904 የትውልድ ከተማው ክለብ ሰንደርላንድ በ520 ፓውንድ መልሶ ገዛው። ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ በፌብሯሪ 1905፣ ሚድልስብሮ 1,000 ፓውንድ ቆጥሮ ወሰደው። እስከዚያ ድረስ ለአንድ ተጫዋች ሺህ ፓውንድ የከፈለ ክለብ አልነበረም።

አገር ተንጫጫ። ሰው እንደ ዕቃ ተሸጠ ተባለ። ሚድልስብሮ ግን ጨንቆታል፤ ሊወርድ አፋፍ ላይ ነው፣ ከሜዳው ውጪ ካሸነፈም ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ኮመን የመጀመሪያ ጨዋታውን ከማን ጋር ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከድሮ ክለቡ ከሸፊልድ ዩናይትድ ጋር፣ እዚያው ሸፊልድ ሄዶ! ፍጹም ቅጣት ምት አገባና 1 ለ 0 አሸነፉ። በዓመቱም ሳይወርዱ ቀሩ።

አሁን የሚያናድደውን ልንገርህ። ሺህ ፓውንዱ የገባው ሰንደርላንድ ካዝና ነው። ከ1901 ጀምሮ የተጫዋች ደመወዝ በሳምንት ከ4 ፓውንድ እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። አስላው፤ የራሱን ዋጋ ለማግኘት 250 ሳምንት መጫወት አለበት። አምስት ዓመት ሊሞላ ምንም አይቀረው! ደግሞ ያኔ ኮንትራቱ ቢያልቅ እንኳ ክለቡ ካልፈቀደ ወደ ሌላ የሊጉ ክለብ ሄዶ መጫወት አይችልም ነበር። ስለዚህ አንተ በተጫዋቾቹ ስትናደድ እኔ አልስማማም፤ ያኔ የሚበላው ሌላ ነበር። የደመወዝ ጣሪያው የተነሳው በ1961 ነው።

በጠረጴዛ ስር መስጠትማ ነበር። ሚድልስብሮ ራሱ በ1906 ሕገወጥ ክፍያ ተገኝቶበት 250 ፓውንድ ተቀጣ፤ ከዳይሬክተሮቹም አብዛኞቹ ታገዱ። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር የዝውውር ዋጋ ከ350 ፓውንድ እንዳይበልጥ ብሎ በ1908 ሕግ አወጣ። ማን ይሰማዋል? በወራት ውስጥ ተሻረ።

አንተ የአርሰናል ሰው ስለሆንክ ይቺን ስማ። በ1910 ኮመንን ማን ወሰደው? ያኔ ዎልዊች አርሰናል ይባል የነበረው ያንተው ክለብ፣ በ100 ፓውንድ! ቁጠባችሁ የቆየ ነው። በ1912 ፕሬስተን ወደሚባለው ክለብ ተሻገረ፤ በ1914 ጫማውን ሰቀለ። ከዚያ ዳርሊንግተን ውስጥ ለዓመታት መጠጥ ቤት ሲያስተዳድር ኖረ። በ1946 አረፈ።

በል፣ ዘንድሮ ክለብህ ማንን በስንት ቢገዛ ደስ እንደሚልህ ጻፍልኝ። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ካልክ ግን ያንን የድሮ ንዴትህን አስታውስሃለሁ። ልጆቹን ሳምልኝ፤ ለእማማም ሰላምታዬን አድርስ።

ወንድምህ