ጅጌ ለወጣችሁልን ሁሉ

በየቅሬያችሁ (በየእድራችሁ) ተጠራርታችሁ ጅጌ (ደቦ) ለወጣችሁ የአምባሰል ሰዎች፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለደረሳችሁልን፣ ዓረብ አገር ሆናችሁ ከደመወዛችሁ ለላካችሁ እህቶቻችን፦ አሮጌው ትምህርት ቤት የባህል ማዕከል ሆኖ ተከፍቷል። አላህም እግዜርም ይስጥልን።

አናጢዎቻችን፣ ጣሪያው ያልወረደው በእናንተ ነው። ሁለቱን ክፍል አንድ አዳራሽ ለማድረግ መሐለኛውን ግድግዳ ለመናድ ሲቸኮል፣ ካፕሪያታው (ጣሪያውን የተሸከመው የእንጨት ማዕቀፍ) የተደገፈው በዚያው ግድግዳ ቋሚዎች መሆኑን ወጥታችሁ አሳያችሁ። መጀመሪያ በግራና በቀኝ ጊዜያዊ ድጋፍ ቆመ፤ ቀጥሎ በድንጋይ መሠረት ላይ ሁለት የጽድ ምሰሶና አግዳሚ ገባ፤ ግድግዳው ከላይ ወደ ታች የተናደው ከዚያ በኋላ ነው። ቆርቆሮውን ስትመልሱም ሚስማሩን በጉብታው ላይ መታችሁ። ድሮ በጎድጓዳው ላይ በመመታቱ ነበር ውሃው በሚስማሩ ቀዳዳ ሲገባ የኖረው።

ግንበኞች፣ የግድግዳውን እግር የበላው ምስጥ ብቻ አልነበረም። አፈር ሥሩ ተከምሮ፣ ከጣሪያ የሚወርደው ውሃም እየተረጨበት ነው የበሰበሰው። አፈሩን ጠርጋችሁ፣ የተበላሸውን እንጨት ቆርጣችሁ 50 ሳንቲሜትር የድንጋይ ግንብ አስገባችሁበት፤ አሸንዳና ቦይም ጨመራችሁ። እናመሰግናለን።

ምርጊቱ ግን ለብቻው ምስጋና ይገባዋል። "በሲሚንቶ ይለሰንና እንገላገል" ሲባል እምቢ ያላችሁ አባቶችና እናቶች፣ ልክ ነበራችሁ። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶው አብሮት ስለማይሄድ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ የገባው ውሃም መውጫ አጥቶ ማገሩን ያበሰብሳል። እናንተ የጤፍ ጭድ ከጭቃው ጋር አቡክታችሁ፣ በየቀኑ ውሃ እየጨመራችሁና እየረገጣችሁ ከሳምንት በላይ አቆያችሁት። ሽታው ሰፈሩን አስመርሮ ነበር (ጎረቤቶች፣ ይቅርታ)፤ ግን ጭዱ ሲበሰብስ ነው ጭቃው እንደ ሙጫ የሚይዘው። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ እስኪሰነጣጠቅ ድረስ ሁለተኛውን ማንንም አላስነካችሁም። የመጨረሻው በወንፊት የተነፋ አፈርና እበት ነው፤ የለቀለቁት እጆች የጣት አሻራ በመስኮቱ ጥግ ይታያል። እንዳይጠፋ ቀለም አልተቀባም።

ሰሌን ያመጣችሁልን እናቶች፣ በባዶው አዳራሽ ማሲንቆ ሲመታ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ቅኝቱ አምባሰል ይሁን ባቲ አይለይም ነበር። ሰሌናችሁ በኋለኛው ግድግዳ ላይ የአንድ ጋት ክፍተት ተትቶለት ሲሰቀል ድምፁ ጠራ።

ኮርኒሱ ገና ነው። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ተናጋሪ ስለማይሰማ፣ ክረምት እስኪወጣ ዝግጅት ያላችሁ ከቀትር በፊት ያዙ።

የየቅሬው ብረት ድስት ታጥቦ በቀድሞው የመምህራን ክፍል ተቀምጧል፤ መጥታችሁ ውሰዱ። የትልቁ ድስት ክዳን ጠፍቷል፣ ያየ ያምጣልን።