ውሃውን ማን ቀዳው?

ውድ ልጄ፣

የላክሽልኝን ምዕራፍ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በ19ኛው መቶ ዘመን በአሜሪካ ቤቶች ሰኞ ሰኞ ልብስ እንዴት ይታጠብ እንደነበር የተረክሽበት አጻጻፍ ደስ ብሎኛል። ሆኖም ዋና ምንጭሽ ካትሪን ቢቸር እ.ኤ.አ. በ1841 ያሳተመችው የቤት አያያዝ መምሪያ ስለሆነ፣ የምታሳዪን ቤት ሊሆን የሚገባው እንጂ የነበረው አይደለም። ጸሐፊዋ ለክፍሎች ንጹሕ አየር ይግባ ብላ ደጋግማ መምከሯ፣ ብዙ ሰው በታፈነ ክፍል ውስጥ ይኖር እንደነበር ይነግረኛል፤ መምሪያውን በዚህ ዓይን መልሰሽ አንብቢው።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን ውሃው ነው። በምዕራፍሽ ውስጥ ልብሱ ይዘፈዘፋል፣ ይቀቀላል፣ ይለቀለቃል፣ ይጨመቃል፤ ውሃው ከየት እንደመጣ ግን አንድም ቦታ አልተነገረም። እኔ በልጅነቴ ከምንጭ በእንስራ ስቀዳ ማንገቻው ደረቴን ይቆርጠኝ ስለነበር፣ ይህን ሳነብ ቀድሞ የጠየቀው ወገቤ ነው። የታሪክ ተመራማሪዎች ለአንድ ማጠብ፣ ለአንድ መቀቀልና ለአንድ ማለቅለቅ 50 ጋሎን ያህል ውሃ ያስፈልግ እንደነበር ያሰላሉ። ያ 190 ሊትር ገደማ ነው፤ 20 ሊትር በሚይዝ እንስራ ቢቀዳ ዘጠኝ ወይም ዐሥር ምልልስ ይሆናል፤ ማገዶው ገና አልተነሣም። ኒው ዮርክ በ1842 የክሮተንን ወንዝ ውሃ ብታስገባም፣ ቧንቧው አስቀድሞ የደረሰው መክፈል ከሚችለው ቤት ነበር።

ስለዚህ በየቤቱ ውሃውን ማን እንደቀዳው ጠይቂ። በደቡብ ግዛቶች ይህ ሸክም በአብዛኛው የወደቀው በባርነት በተያዙ ሰዎች ላይ ነበር፤ የ1850 እና የ1860 ቆጠራዎች ግን እነርሱን በተለየ መዝገብ፣ በባለቤቱ ስም ሥር፣ ብዙውን ጊዜ ያለ ስም በዕድሜ፣ በጾታና በቆዳ ቀለም ብቻ አስፍረዋቸዋል። ከነፃነት በኋላ በ1870 የተደረገው ቆጠራ ስማቸውን ጻፈ፤ ይሁንና የየራሳቸውን ቤት ለሚይዙና ሌላ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ ለሌላቸው ሴቶች፣ ነጭም ትሁን ጥቁር፣ በሥራ ዓይነት ዓምድ ላይ የሚሰፍረው «ቤት ትይዛለች» የሚል ብቻ ነበር። ያን ሁሉ የሰኞ ድካም በሁለት ቃል የዘጋውን መዝገብ እንደ ማስረጃ ስትጠቅሺ፣ የዘጋውንም አብረሽ ንገሪን።

ከመዝገቡ ውጪ ድምፃቸውን የምታገኚበት ቦታ አለ። በ1881 ሐምሌ ወር በአትላንታ ጥቁር የልብስ አጣቢ ሴቶች ማኅበር መሥርተው፣ ለዐሥራ ሁለት ፓውንድ (አምስት ኪሎ ተኩል ገደማ) ልብስ አንድ ዶላር ካልተከፈለን አናጥብም ብለው ሥራ አቆሙ። በሃያ ሴቶች የተጀመረው አድማ በሳምንታት ውስጥ ሦስት ሺህ ያህል ሰው አሳተፈ። የከተማው ምክር ቤት 25 ዶላር የፈቃድ ክፍያ ሊጥልባቸው ሲያስብ፣ ለከንቲባው በጻፉትና በጋዜጣ በታተመ ደብዳቤ፣ ክፍያውን ለመፈጸም ዝግጁ እንደሆኑ፣ ዋጋቸውን ግን እንደማይለቁ አስታወቁ። በመምሪያው ውስጥ አንዲትም ቃል ያልተናገረችው አጣቢ እዚህ ላይ ስለ ሥራዋ ራሷ ትናገራለች፤ እኔ ብሆን ምዕራፉን ከዚህ ደብዳቤ እጀምረው ነበር።

ሙሉውን ደብዳቤ ስታገኚ ቅጂውን ላኪልኝ፤ ላነበው ጓጉቻለሁ።

የምትወድሽ እናትሽ