ስለ ክረምቱ ስንጽፍ የላይኛውን አየር አንርሳ

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በየዓመቱ ግንቦት ሲገባ ስለ መጪው ክረምት የምታወጧቸውን ዘገባዎች በትኩረት ከሚከታተሉ አንባቢዎች አንዱ ነኝ። ዘገባዎቹ የባሕሩን ሙቀትና የኤልኒኖን ሁኔታ ጠቅሰው፣ ዝናቡ ከመደበኛው በላይ ወይም በታች እንደሚሆን ተናግረው ያበቃሉ። ዝናብ ማዝነብ ግን ሞንሱን፣ ማለትም በክረምት ወራት ርጥብ አየር ከባሕር ወደ የብስ የሚያመጣው ወቅታዊ ነፋስ፣ ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ ብቻ ነው። ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሠራው ሥራ በአማርኛ ተጽፎ እምብዛም ስለማላገኝ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ።

ከሰኔ እስከ መስከረም በሕንድ፣ በቤንጋል ባሕረ ሰላጤና በቲቤት አምባ ዙሪያ የሚከመሩት ነጎድጓዳማ ደመናዎች የባሕሩን ተን ሽቅብ ይወስዱታል። እዚያ ከፍታ ላይ ከምሥራቅ እስያ እስከ መካከለኛው ምሥራቅ የሚዘረጋ ግዙፍ የአየር ሽክርክሪት ይፈጠርና የወጣውን ተን ለሳምንታት ይዞ ያቆየዋል። በሽክርክሪቱ ደቡባዊ ጠርዝ የሚገሠግሠው የምሥራቅ ጄት ነፋስ፣ ማለትም በከፍታ ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍሰው ፈጣን ነፋስ፣ በእኛው ሰማይ ላይ ያልፋል፤ ጄቱ በበረታ ዓመት ክረምታችን አብዛኛውን ጊዜ ይሰምራል፣ እንደ 2007 ዓ.ም. ኤልኒኖ ባደከመው ጊዜ ደግሞ ዝናቡ ይከዳናል።

ብዙ ሰው ሞንሱኑ በበረታ ቁጥር የላይኛውም አየር በዚያው ልክ የሚርስ ይመስለዋል። እስከ 10 እና 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ድረስ ግምቱ ልክ ነው፤ ከዚያ በላይ፣ ደመናና ዝናብ የሚፈጠርበት የታችኛው የአየር ንብርብር (ትሮፖስፌር) አብቅቶ ከእሱ በላይ ያለው ደረቅ ንብርብር (ስትራቶስፌር) በሚጀምርበት ድንበር አካባቢ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በድንበሩ ላይ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። የሚፈላ ድስት ከድነን ጥቂት ቆይተን ብንከፍት፣ ተኑ ክዳኑን ነክቶ ነጠብጣብ ሆኖ ወደ ድስቱ ሲመለስ እናያለን፤ ክዳኑ በቀዘቀዘ መጠን የሚያመልጠው ተን ያንሳል። ብርቱ ሞንሱን ይህን የሰማይ ክዳን ይበልጥ ስለሚያቀዘቅዘው፣ ተኑ በረዶ ሆኖ ይረግፍና ወደ ስትራቶስፌር የሚያልፈው ይቀንሳል። ዝናቡ ጋብ በሚልባቸው ሳምንታት ክዳኑ ጥቂት ዲግሪ ሞቅ ይላል፣ የሚያልፈውም ተን ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2004 የመጠቀችው ኦራ ሳተላይት ያሰባሰበችው መረጃ ይህንኑ አሳይቷል። እርግጥ ነው፣ አንዳንድ ደመናዎች ድንበሩን ጥሰው የበረዶ ቅንጣት ወደ ላይ ይረጫሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ከካትማንዱ እየተነሣ እስከ 20 ኪሎ ሜትር ይወጣ የነበረው ጂኦፊዚካ የተባለው የምርምር አውሮፕላን ይህን በቅርብ መዝግቧል።

የስትራቶስፌር ተን ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች መካከል አራት ወይም አምስት ቢሆን ነው። ይህችው ጥቂት መጠን ግን ሙቀት አፍና ትይዛለች። እ.ኤ.አ. ከ2000 በኋላ መጠኑ በ10 በመቶ ገደማ ሲቀንስ፣ በቀጣዩ አሥር ዓመት የምድር ሙቀት የሚጨምርበትን ፍጥነት በሩብ ያህል እንደገታው ተመራማሪዎች አስልተዋል። ያን ቅናሽ ያመጣው ሞንሱን ነው ለማለት አይደለም፤ የክዳኑ መሞቅና መቀዝቀዝ ምን ያህል እንደሚያስከትል ግን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

አንድ ጊዜ የአየር ጠባይ ፊኛ ሲለቀቅ የማየት ዕድል ገጥሞኝ ነበር። ከሥሩ ከልጅ ምሳ ዕቃ የማይበልጥ ሳጥን በሲባጎ ታስሮለት፣ ባለሙያው እጁን ከፍ አድርጎ ሲለቀው፣ ነጩ ፊኛ እየራቀ ነጥብ እስኪያህል ድረስ አንጋጠን አየነው። ያ ሳጥን የድንበሩን ቅዝቃዜ ይለካል፤ በዚያ ቅዝቃዜ ውስጥ ያለችውን ጥቂት ርጥበት በትክክል ለመለካት ግን የተለየና ውድ መሣሪያ ያስፈልጋል። ኦራም ዕድሜዋ እየተገባደደ ነው። ስለዚህ በምሥራቅ አፍሪካ ሰማይ ላይ የሚደረገው የፊኛ ልኬት ሳይቋረጥ እንዲቀጥልና መሣሪያውም እንዲሻሻል ጋዜጣችሁ ድምፁን እንዲያሰማ እለምናለሁ። በሚቀጥለው የክረምት ዘገባችሁም ከዝናቡ መጠን ጎን ለጎን አንድ ጥያቄ ለባለሙያዎቹ አቅርቡልኝ፦ በዚህ ሳምንት በ16 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ቅዝቃዜው ስንት ነበር?

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የፊዚክስ መምህር፣ ከደሴ