አባዬ፣ የኅዳር ባሕር ምን እንደሚመስል ልንገርዎ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ኅዳር 13 ቀን

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ እህቴ ቀስ ብላ እንድታነብልዎ አደራ ብያታለሁ። ዓይንዎ እስኪሻለው ድረስ እኔ እየጻፍኩ እሷ እያነበበች እናጫውትዎታለን።

ባለፈው ሳምንት በስልክ «በዚህ ብርድ ባሕር ዳር ቆመሽ ምን ትሠሪያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። ልመልስልዎ ስል መስመሩ ተቋረጠ። ጥያቄው ግን ሆዴ ውስጥ ቀረ። እናም ቁጭ ብዬ ልጽፍልዎ አሰብኩ።

ከትናንት ወዲያ፣ የሚካኤል ዋዜማ፣ እረፍት ነበርኩ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አብራኝ ከምትሠራው ጓደኛዬ ጋር ወጣን። ለምን ብቻዬን እንደማልሄድ ኋላ እነግርዎታለሁ። ከቤቴ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር እስካለው አሳቲግ ደሴት የ3 ሰዓት መንገድ ነው። መሃል ላይ የቼሳፒክን ባሕረ ሰላጤ የሚሻገር 7 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ድልድይ አለ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሜዳ ለሜዳ ነው፤ የታጨደ የበቆሎ ማሳ በግራም በቀኝም።

ደሴቱ ላይ የዱር ፈረሶች አሉ። በዚህ ወር ጸጉራቸው ለብርዱ ይወፍራል። በመኪናው መብራት ሁለቱን አየናቸው፤ ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው ቆመዋል። በሙቀቱ ወራት ሰው የሚጋፋበት ቦታ አሁን ጭር ብሏል።

አባዬ፣ ባሕሩ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። በጨለማ የመኪናውን በር ሲከፍቱት ድምፁ ደረት ላይ ያርፋል። ጣና ሲናደድ ያውቁታል፤ ግን ጣና ይደክመዋል፣ ማታ ይተኛል። ይሄኛው አይተኛም። ደግሞ አንድ ነገር አለው፣ ሲሰሙት የሚገርምዎ። ጣና በዓመት አንዴ ይሞላል፣ ክረምቱ ሲወጣ። ይሄ ግን በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ጨረቃ ናት የምትስበው። የሙላቱ ሰዓት በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል። ስለዚህ ከቤት ከመውጣቴ በፊት የማየው የሙላቱን ሰዓት ነው። ውሃው ሊሞላ ሁለት ሰዓት ሲቀረውና ሞልቶ መጉደል ሲጀምር ዓሣው ወደ ዳር ይጠጋል። ሙላቱ ከንጋት ጋር ከገጠመ ደግሞ ከዚያ የተሻለ ቀን የለም።

ነፋሱን ማንበብ እርስዎ ያስተማሩኝ ነው። ከሰሜን ምሥራቅ ከመጣ ቤቴ እቀመጣለሁ። ከባሕሩ በኩል ስለሚመጣ ሞገዱን ከፍ ያደርገዋል፣ ውሃውን ያደፈርሰዋል፣ ክሩን በሣር ይሞላዋል። ከሰሜን ምዕራብ ሲነፍስ ግን ከየብስ ነው የሚመጣው፤ የሞገዱን ራስ ይደፋዋል፣ ውሃው ይጠራል። ብርዱ ፊት ይቆርጣል እንጂ ለማጥመድ ግሩም ነው። ከትናንት ወዲያ እንዲያ ነበር። አየሩ ከዜሮ ብዙም አይበልጥም። ውሃው ግን ገና ወደ 12 ዲግሪ ነው፤ ባሕር የሞቃቱን ወራት ሙቀት ቶሎ አይለቅም። ሊነጋ ሲል ከላዩ እንፋሎት ይነሳ ነበር፣ እንደ ቡና ጀበና።

ኅዳር የሚያጓጓኝ በዓሣው ጉዞ ነው። መንሃደን የሚባል ቅባታም ትንሽ ዓሣ አለ። ውሃው ሲቀዘቅዝ ከየባሕረ ሰላጤው ወጥቶ በመንጋ ወደ ደቡብ ይሄዳል። እሱን ተከትሎ ትልቁ ዓሣ ይመጣል። በመጽሐፍ ስሙ ስትራይፕድ ባስ ነው፤ የሜሪላንድ ሰው ግን ሮክፊሽ ነው የሚለው። ከኒው ኢንግላንድና ከኒው ዮርክ በኩል ተነስቶ በኒው ጀርሲ፣ በዴላዌር፣ በእኛ ዳርቻ አልፎ እስከ ቨርጂኒያና ሰሜን ካሮላይና ይወርዳል። እኛ መንገዱ ላይ ቆመን ነው የምንጠብቀው።

መምጣቱን የሚነግሩን ወፎች ናቸው። ጋኔት ይሏቸዋል፤ ትልልቅ ነጭ ወፎች ናቸው፣ የክንፋቸው ጫፍ ጥቁር። ከሰማይ ክንፋቸውን ከድነው እንደ ጦር ውሃው ውስጥ ይወረወራሉ። የእኛን ፔሊካኖች አስታወሱኝ፤ እነዚያ ግን የእርስዎን ታንኳ ተከትለው ፍርፋሪ ይጠብቃሉ፣ እነዚህ ሰው አይጠብቁም።

አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ፀሐይ ወጣች። ሁለት የአሸዋ ጉብታዎች መካከል ሞገድ የማይሰበርበት ጠቆር ያለ ቦይ አየሁ። እዚያ ወረወርኩ። ብዙም አልቆየ፣ ዘንጉ ጎበጠ። ሃያ ደቂቃ ታገልን። ጓደኛዬ አጠገቤ ቆማ «ቀስ! ቀስ!» ትለኛለች። በመጨረሻ ሞገዱ ራሱ አምጥቶ እግሬ ሥር አስቀመጠልኝ። አባዬ፣ እንዴት ያለ ዓሣ መሰለዎ! ሆዷ እንደ ወተት ነጭ፣ ጎኗ ላይ ከራሷ ሥር እስከ ጭራዋ የሚሄዱ ጥቁር መስመሮች፤ በቀለም የተሰመሩ ነው የሚመስሉት። መንጠቆው የከንፈሯ ጠርዝ ላይ ነው የያዛት። ማባበያ የምንጠቀም ሰዎች ጫፉ ወደ ውስጥ የዞረ ክብ መንጠቆ እንድንይዝ ሕግ ያስገድደናል፤ አንጀቷን እንዳይቀድ።

ለካኋት። 90 ሴንቲ ሜትር አለፈች። መለስኳት።

ይህን ሲሰሙ «ምን ነካሽ?» እንደማይሉ አውቃለሁ። እዚህ ማስቀረት የሚቻለው ከ71 እስከ 79 ሴንቲ ሜትር ያለውን ብቻ ነው፣ እሱም በቀን አንድ። ትንሿም ትመለሳለች፣ ትልቋም ትመለሳለች። ትልቋ እናት ናት፤ በሆዷ ከሚሊዮን በላይ እንቁላል ትይዛለች። በጸደይ ያ በድልድይ የምሻገረው ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ገብታ፣ ወደ ወንዞቹ ወጥታ ትወልዳለች። ጭራዋን ይዤ ፊቷን ወደ ሞገዱ አዙሬ ቆየሁ። ጣቶቼ ደነዘዙ። ከዚያ በጭራዋ እጄን መታችኝና ሄደች።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በዋናነት ለዚህ ነው። እርስዎ በክረምት መውጫ ወደ ጉማራና ወደ ርብ አፍ መረብ አይጥሉም ነበር። ዓሣው ሊወልድ ወደ ወንዝ የሚወጣበት ጊዜ ነው ይሉ ነበር። ሌሎቹ ታንኳቸውን ሞልተው ሲመለሱ እርስዎ ባዶዎን ይመጡ ነበር። ሰው ሳቀብዎ። እማዬም አንዳንዴ ታዝንብዎ ነበር። እኔ እቤት መረብ እየጠገንኩ «አባዬ ለምን እንደ ሰው አይሆንም?» እል ነበር። ልጅ ነበርኩ፣ አልገባኝም።

አሁን ገብቶኛል። ይህ ሮክፊሽ አንድ ጊዜ ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ከመጠን በላይ ተያዘ። እ.ኤ.አ. በ1985 ሜሪላንድ ማጥመዱን ጨርሳ ዘጋች። በእኛ 1977 መሆኑ ነው፣ ያ ክፉ የድርቅ ዘመን። 5 ዓመት ሙሉ እዚህ ማንም አልነካውም። ዓሣ አጥማጆቹ ምን ያህል እንደተቸገሩ እርስዎ ከማንም በላይ ይገባዎታል። እ.ኤ.አ. በ1990 በጥቂቱ ተከፈተ። በ1995 አገገመ ተባለ። አሁን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ በባሕረ ሰላጤው የሚፈለፈለው ትንሽ ስለሆነ እንደገና ስጋት አለ፤ ሕጉም የጠበቀው ለዚህ ነው።

በስልክ «ጣና አልቋል» ሲሉኝ ልቤ ይሰበራል። እምቦጩ እንዳለ አውቃለሁ። መረቡ እንደበዛ፣ ዓይኑም እንደጠበበ አውቃለሁ። እዚህ የሆነው እዚያ ይሆናል ብዬ አላታልልዎትም። ግን ሊጠፋ የነበረ ዓሣ ሲተዉት ሲመለስ በእጄ ይዤ አይቻለሁ። እርስዎ ትክክል ነበሩ፣ አባዬ። ይህን በሕይወት እያሉ ልነግርዎ ፈለግሁ።

አሁን ደግሞ የደበቅሁዎትን ልንገርዎ። ዓምና በዚህ ጊዜ ብቻዬን ሄጄ ነበር። እስከ ደረት የሚደርስ የጎማ ሱሪ እንለብሳለን፤ ከላዩ ወገብ ላይ ቀበቶ ይታሰራል። እኔ ቀበቶውን መኪና ውስጥ ረሳሁት። ጀርባዬን ለባሕሩ ሰጥቼ የተወሳሰበ ክር ስፈታ ሞገድ መታኝ። ወደቅሁ። ውሃው በደረቴ በኩል ገብቶ እግሬን እንደ ድንጋይ አከበደው። ተመላሹ ውሃ አሸዋውን ከሥሬ እየጠረገ ይስበኛል። ብርዱ ትንፋሼን ነጠቀኝ፤ መጮህ እንኳ አልቻልኩም። አጠገቤ ሲያጠምዱ የነበሩ አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ክንዴን ይዘው ጎተቱኝ። መኪና ውስጥ አስገብተውኝ ማሞቂያውን እሳቸው ናቸው የከፈቱልኝ። ጣቶቼ ቁልፍ መያዝ አቅቷቸው ነበር። እንቅልፍ ያጣሉ ብዬ ነው የደበቅሁዎት፤ ይቅር ይበሉኝ። ከዚያ ወዲህ ብቻዬን አልሄድም። ቀበቶዬን ሳላስር ከመኪናው አልርቅም። ለባሕሩም ጀርባዬን አልሰጥም።

ረፋድ ላይ ጓደኛዬ 74 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ያዘች። እሱን አስቀረነው። ከነገ ወዲያ ጾመ ነቢያት ይገባል፤ እኔም እንደ እማዬ በጾም ዓሣ አልነካም። ስለዚህ ትናንት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎኑን በቢላ ሰነጣጥቄ፣ በዘይት ድርቅ አድርጌ ጠበስኩት፣ በአዋዜ። ልጆቹ እስከ አጥንቱ ጨረሱት። ሥጋው ከቆሮሶ ይጠነክራል፣ ጣዕሙ ግን ብዙ አይርቅም።

ዛሬ ማታ ነፋሱ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዞሯል። ለጥቂት ቀን አልሄድም።

አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ገና ጎህ ሳይቀድ ታንኳውን ከመግፋትዎ በፊት ውሃ በእፍኝዎ ዘግነው ያሸቱ ነበር። ከዚያ «ዛሬ አለ» ወይም «ዛሬ የለም» ይሉ ነበር። ምን ምን ሲል ነበር «አለ» የሚሉት? እኔ እዚህ በየጠዋቱ አሸታለሁ፤ ጨውና ሣር ብቻ ነው የሚሸተኝ። ለእህቴ ይንገሯትና በስልኳ ድምፅዎን ቀርጻ ትላክልኝ።

ጉልበትዎን የምትስም፣
ልጅዎ